አልጋው ጫፍ ላይ

የጋሼ ጋሪ ይጮህ ነበር። የቁስል ማጠቢያ ዕቃ የሚጫንባት፣ አንድ ጎማዋ የዛገ፣ ነጭ ቀለሟ በየቦታው የተላጠ ጋሪ ናት። ገና ከኮሪደሩ ጫፍ ስትነሳ ጀምሮ ሲጥ፣ ሲጥ እያለች ትመጣለች። እኛ ተማሪ ነርሶች የተተኮሰ ነጭ ቀሚሳችንን ለብሰን፣ ጥርሳችንን እየጠረሰን እንሰማታለን። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዷ ከወጥ ቤት ዘይት ለምና አምጥታ ጎማውን ልትቀባላቸው ጎንበስ ስትል ጋሼ እጇን ያዝ አደረጉ። «ተይው ልጄ፣ ይጩህ። ድምፁን ሲሰሙ ነው የሚዘጋጁት» አሏት።

ያኔ አልገባንም። ሽማግሌ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ናቸው፣ ዕቃቸውን ሰው እንዲነካባቸው አይወዱም ብለን አለፍነው። ኋላ ግን እያየሁት መጣሁ። ጋሪዋ መጮህ ስትጀምር ያ እግሩ የቆሰለ ጎረምሳ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ቀና ይላል፤ ከጎኑ ያሉት አዛውንት መቁጠሪያቸውን ከትራስ ሥር ይፈልጋሉ፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ ሽንት ቤት ሄዶ ይመለሳል። ሕመሙ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ እንደ መጣራት ማለት ነበር። ጋሼ አልጋው ዘንድ ሲደርሱ ሰውየው ተደላድሎ ይጠብቃቸዋል። ሳያስታውቅ ከተፍ የሚል ሕመም የባሰ እንደሚያስፈራ እሳቸው ከየትም መጽሐፍ አላነበቡትም።

ስም ነበራቸው። እኔ ግን እንደያኔው ጋሼ ብል ይቀለኛል። ሙያውን የተማሩት በወታደር ቤት ነው ይባል ነበር። በዚያ ዘመን፣ ወቅቱ 1970ዎቹ ዓ.ም. ነው፣ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ ባለ ሆስፒታል ሐኪም ቢጠፋ ቀኑ ይውላል፤ ድሬሰር ከጠፋ ግን ዋርዱ ይቆማል።

ዋርዱ ጠዋት ጠዋት በረኪናና ዴቶል ይሸታል። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ብቻ ነው ታዲያ። አስታማሚ መግባት ሲጀምር ሁሉ ነገር ይለወጣል፤ የአጥሚቱ፣ የበሶው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣው የትኩስ ዳቦ ሽታ በረኪናውን ያሸንፈዋል። ከግቢው ጀርባ አስታማሚዎች ሦስት ድንጋይ ጎልተው የሚያፈሉት ቡና በባሕር ዛፍ ጭስ ታጅቦ በመስኮት ይገባል። የነርሶቹ አለቃ ሜትሮን አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አድርገው «ይሄ ሆስፒታል ነው ወይስ ገበያ?» ይላሉ። አንዷ አስታማሚ ሲኒ ስታቀብላቸው ግን ቆመው ይጠጧታል። ሁለተኛውንም አይመልሱም።

የሜትሮን ትልቁ ሕግ በበሽተኛ አልጋ ላይ አለመቀመጥ ነበር። አንሶላው በአራት ማዕዘን ተወጥሮ መታጠፍ አለበት፤ በላዩ የተቀመጠች ተማሪ የጠዋት ተረኝነቷን ትረሳዋለች፤ የሌሊት ትመደባለች። ጋሼ ይቀመጣሉ። እሳቸውን የሚናገራቸው አልነበረም፤ ሜትሮን እንኳ እንዳላዩ ሆነው ያልፋሉ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ በሽተኛው እግር ዘንድ፣ ጋዎናቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው የሚቀመጡት። ፋሻ ከመንካታቸው በፊት ጨዋታ ይጀምራሉ። «ዝናቡ በእናንተ አገር ጣለ?» «ጤፉ እንዴት ነው ዘንድሮ?» «በሬዎቹን ማን ይዟቸዋል?» ሰውየው ስለ በሬዎቹ ሲያወራ ጋሼ ፋሻውን በሳላይን እያራሱት ነው። ጨዋታው ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አልነበረም፤ የደረቀ ፋሻ ከቁስል ጋር ይጣበቃል፣ እስኪርስ መጠበቅ ያስፈልጋል። እሳቸው መጠበቂያዋን ጊዜ ለሰውየው ሰጡት። የመጨረሻዋን ንጣፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ እሳቸው አይነሷትም። «እስቲ አንተ ሳባት፣ ልኳን የምታውቀው አንተ ነህ» ይሉታል። እጁን በአልኮል ጠራርገውለት፣ ጓንት አጥልቀውለት፣ ራሱ ይስባታል።

የሚያመውን «አያምምም» ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። እኛ ተማሪዎቹ መርፌ ይዘን ስንጠጋ የምናውቃት አንዲት ቃል እሷ ነበረች። ሕፃኑንም ሽማግሌውንም «አያምምም፣ አያምምም» እያልን እንወጋለን። ጋሼ «ያማል። እስከ ሃያ ቁጠር፣ ሃያ ላይ ያልፋል» ይላሉ። ሃያ ላይ ያልፋል። እንዲያውም አንዳንዴ አሥራ ስምንት ላይ ጨርሰው «ሁለቱን መረቅሁህ» ይሉታል። ስለዚህም ነው ጋሼ «ዛሬ አያምም» ያሉ ቀን ሰው ሁሉ የሚያምናቸው።

ታዲያ ያ ዘመን ሁሉ ነገሩ ጋሼ ነበር እንዳይመስላችሁ። ትዝታ ሁሉን ያጣፍጣል። ማዋለጃ ክፍል ምጥ ላይ ያለችን ሴት የሚቆጡ፣ ስትጮህ አፏን እንድትዘጋ የሚያንባርቁ ነበሩ። በሽተኛው ስሙ እያለ «ሰባት ቁጥር» ይባላል። ራውንድ ሲሆን ዶክተሩ ከፊት፣ ሜትሮን ቀጥለው፣ እኛ ከኋላ ተሰልፈን እንገባለን፤ አልጋው ዙሪያ ቆመን ስለ ሰውየው ጉበት በእንግሊዝኛ ይወራል። ሰውየው መሐል ላይ ተኝቶ ከአንዳችን ፊት ወደ ሌላችን ፊት እያማተረ ያያል። ቋንቋው ስለማይገባው ፊት ያነባል። ዶክተሩ ቅንድባቸውን ከፍ ካደረጉ በቃ ሌሊቱን አይተኛም። እኛ ወደሚቀጥለው አልጋ ስናልፍ ጋሼ ቀረት ብለው «ቅድም ያሉት ስለ ምግብህ ነው፤ ጨው ቀንስ ነው የሚሉህ» ይሉታል። ያልገባቸው ነገር ካለም ዶክተሩን ኮሪደር ላይ ጠብቀው፣ ኮፍያቸውን አንስተው ጠይቀው፣ ተመልሰው ይነግሩታል።

እማማ የምንላቸው በሽተኛ የመጡት በክረምት ነው። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር እንኳ የማይቻልበት ጊዜ ነበር። ከሩቅ ገጠር በቃሬዛ ነው ያመጧቸው፤ ምን እንዳመማቸው ሲጠየቁ «ሆዴን» ይላሉ። የት ጋ? «እዚህ… ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኛል፣ ከዚያ ይነደኛል»። ወጣቱ ሐኪም ጨጓራ ብሎ ጻፈ፣ ሽሮፑም መጣ። ሽሮፑን ይጠጣሉ፣ ምግብ ግን አይነኩም። ካርዳቸው ላይ «አትበላም» የሚል ቃል በየፈረቃው እየተጻፈ ተከማቸ። ሁላችንም ጠይቀናቸዋል። ቆመን፣ ካርድ ይዘን፣ እስክሪብቶ ከፍተን።

ነገሩን ያወጡት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ናቸው። ወለሉን በጨርቅ ሲወለውሉ ከአልጋው ሥር ይንበረከካሉ፤ ያኔ ጭንቅላታቸው ከእማማ ትራስ ጋር ይተካከላል። ምንም አልጠየቁም አሉ። ስለ ራሳቸው ልጅ ብቻ እያነሱ፣ ጦር ሜዳ እንደሄደ፣ ደብዳቤ እንደቆረጠ እያወሩ ይወለውላሉ። ሦስተኛው ቀን ይሁን አራተኛው፣ እማማ «የኔም» አሉ። በቃ። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ዓመት አልፎታል፣ ድምፁ አልተሰማም። እትዬ ጨርቃቸውን ባልዲ ላይ ጥለው ለሜትሮን ነገሩ። ሜትሮን ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ፣ ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው። ወረቀት ያዢና ሂጂ። ተቀመጪ» አሉኝ። አልጋው ላይ እንድቀመጥ ሲያዙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እማማ ደብዳቤውን ሲያጽፉኝ ስለ ሕመማቸው አንድ ቃል አልወጣቸውም። «እኔ ደህና ነኝ፤ ላሟ ወልዳለች፤ የጎረቤት ልጅ አግብታለች፤ ልብስህን ከብርድ ጠብቅ» አሉ። ቀና ብዬ ሳያቸው «አሞኛል ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ልጄ፤ እዚያ ሆኖ ምን ያደርገዋል?» አሉኝ። ስንጨርስ ደጋግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ማታ እትዬ ከቤታቸው ያመጡትን አጥሚት ጠጡ። መልሱ እሳቸው እስኪወጡ አልደረሰም። ደርሶ እንደሆነም አላውቅም። ሲወጡ ግን በእግራቸው ነው የወጡት፣ የሁላችንንም ጉልበት ስመው፣ «ማርያም ከክፉ ትሰውራችሁ» ብለው።

ሥነ ልቦናና የመግባባት ክህሎት የሚባለው ትምህርት የመጣልን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መምህራችን በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ የቀለሙ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ጣታችን ሁሉ ይበክል ነበር። ከዚያ ወረቀት ላይ ነው ካርል ሮጀርስ የሚባለውን አሜሪካዊ ያወቅሁት። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው እንዲለወጥና እንዲድን ከሚረዳው ሰው የሚፈለገውን ሲዘረዝር፣ በሌላው ቦታ ሆኖ ስሜቱን መረዳት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ የራስን ውስጥና ውጭ አንድ ማድረግ ይላል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ከጀርባዬ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «እስከ ሃያ ቁጠር» አለችኝ። ሳቃችንን ለማፈን ጠረጴዛ ሥር ገባን።

ሂልደጋርድ ፔፕላው ደግሞ የኛው ሙያ ሰው ናት፣ ነርስ። ነርስና በሽተኛ መጀመሪያ ሲገናኙ ሁለት የማይተዋወቁ እንግዶች ናቸው፤ እንግዳ የሚገባውን አክብሮት ይዘው ጀምረው፣ ቀስ እያሉ ተማምነው፣ አብረው ሠርተው፣ በመጨረሻም በወጉ መለያየት አለባቸው ትላለች። መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1952 ነው የወጣው። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት ተጓትቷል፤ የሐኪም ስም አብሮ ሳይኖርበት ነርስ ብቻዋን የጻፈችውን ማን ያትማል ተብሎ። ይህን ስሰማ እትዬን አሰብኩ። እማማን ያዳነው ግኝት በማን ስም ካርዱ ላይ እንደሰፈረ ልንገራችሁ? በማንም አልሰፈረም።

የልምምዱ ሰዓት ነበር ትልቁ መዝናኛ። አንዳችን በሽተኛ፣ አንዳችን ነርስ እንሆናለን። ወረቀቱ ጄራርድ ኢገን የሚባል ሰው ያዘጋጀውን ሥርዓት ይዟል፦ ፊት ለፊት ተቀመጥ፣ እጅህን አታጣምር፣ ወደ ፊት ዘንበል በል፣ ዓይን ለዓይን ተያይ፣ ዘና በል። እሺ ብለን ሞከርነው። ዋርድ ገብቼ አንድ ቄስ አባት ፊት ተቀምጬ ዓይናቸውን ትክ ብዬ ሳይ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። በእናቴ ቤት እንኳን የቄስ፣ የታላቅ ወንድሜንም ዓይን እንዲህ አላይም። ሌላው ደግሞ በሽተኛው ያለውን መልሶ ማስተጋባት ነው። «ራሴን አመመኝ» ሲል «ራስህን አሞሃል» ትለዋለህ። አንድ የጎጃም ገበሬ እንዲህ ባልኩት በሦስተኛው ላይ ወደ ልጁ ዞሮ «ይህቺ ልጅ እያሾፈችብኝ ነው መሰል» አለው።

ጋሼ ይህን ሁሉ አያደርጉም፤ ግን ሰው ሁሉ ይነግራቸዋል። ሲያዳምጡ ዓይናቸው ፋሻው ላይ ነው፤ ድምፃቸው ግን ከሰውየው ጋር ነው። «ኧረግ!» «እና?» «ይበለው!» «እሱስ እውነትህን ነው»። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምናሰማት አዎንታ፣ እንግዳ ሰው ሲሰማት የደነገጥን የሚመስለው፤ በእሷ ብቻ ሰውየውን ግማሽ ሰዓት ሲያስወሩት አይቻለሁ። መምህራችን አስተዋይ ነበሩና፣ ይህን ስንነግራቸው ወረቀቱን አጣጥፈው «እንግዲያስ ነገ ትምህርቱ እሳቸው ዘንድ ነው» አሉ። ክፍሉ በሙሉ የሚጮኸውን ጋሪ ተከትሎ ዋለ። ጋሼ ምን እንደተገኘባቸው ግራ ገብቷቸው በላብ ተጠመቁ።

በኋላ ሥራ ይዤ ጥቂት እንደቆየሁ ለአእምሮ ሕክምና ነርስነት አዲስ አበባ መጣሁ። አማኑኤል ሆስፒታል፣ መርካቶ አጠገብ ያለው፣ በጣሊያን ጊዜ የተቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። ያኔ በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ ከሥልጠናው የወጡት ነርሶች ወደየክፍለ ሀገሩ ሄደው ሐኪም በሌለበት ብቻቸውን ያክሙ ነበር። እዚያ ዝም ማለትን ተማርኩ። ከአጥሩ ውጭ የመርካቶ ጩኸት፣ የሚኒባስ ረዳቱ፣ የቆርቆሮ ቀጥቃጩ፤ ከአጥሩ ውስጥ ደግሞ ቃል የማይወጣው አንድ ወጣት፣ ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቅ። የምታሠለጥነኝ ሲስተር በየጠዋቱ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ «እንደምን አደርክ፣ እኔ ነኝ፤ እስከ አራት ሰዓት እዚህ ነኝ» ትለዋለች፣ ከዚያ ምንም። አራት ሰዓት ሲሆን «አሁን ልሄድ ነው፣ ነገ እመጣለሁ» ብላው ትነሳለች። ነገ ትመጣለች። አንድ ጠዋት በሌላ ሥራ ተይዛ ዘግየት ስትል ልጁ ቀና ብሎ «ዛሬ ቆየሽ» አላት። ሻይ ቤት ሄደን ዳቦና ሻይ ጋበዘችን፣ የልደት ያህል።

ከአብዛኞቹ አስታማሚዎች ቦርሳ የጸበል ጠርሙስ አይጠፋም ነበር። ልጃቸውን መጀመሪያ የወሰዱት ጸበል ነው፣ ወደኛ የመጡት በኋላ ነው፣ ይህን ለመናገር ግን ያፍራሉ። ሲስተር ጠርሙሱን ስታይ «የየትኛው ደብር ነው?» ብላ ትጠይቃለች። እናት ፊቷ ይፈታል፤ ከዚያ ስለ ሕመሙ አጀማመር ያልተናገረችውን ሁሉ ትናገራለች። ኪኒኑንም በዚያው በጸበሉ ያስውጡታል። እኔ ይህን ያህል ፈጣን የሕመም ታሪክ አወሳሰድ በየትም አላየሁም።

መጥፎ ዜና ስለ መንገር ደግሞ ከሜትሮን ያየሁት አለ፤ ወደ ድሮው ሆስፒታል ልመልሳችሁ። አንድ አባት ነበሩ፣ በጉበታቸው ላይ የማይመለስ በሽታ የተገኘባቸው። ልጆቻቸው ሜትሮንን በር ላይ ይዘው «ለሱ እንዳይነገር፣ ሰምቶ ይሞትብናል» ብለው ለመኑ። አገራችን እንዲህ ነው፤ መርዶ እንኳ በዘፈቀደ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሳይቀድ ይኬዳል፣ ዘመድ አስቀድሞ ይሰበሰባል፣ ሰውየው በቁሙ አይነገረውም። ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ የካንሰር ሐኪሞች «ስፓይክስ» የሚል መንገድ አወጡ፤ ስድስት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያው ቦታውንና አብረው የሚሆኑትን ማዘጋጀት፣ ሁለተኛው ሰውየው ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ፣ ሦስተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያውን አያቶቻችን ያውቁታል። ሦስተኛው ግን እኛ ዘንድ የለም፣ ባለቤቱን የሚጠይቀው የለም። ሜትሮን ልጆቹን «እሺ» ብለው ሸኙና፣ ማታ ዋርዱ ሲረጋጋ ወንበር ይዘው ሄዱ። «አባቴ፣ ስለ በሽታዎ ምን ያህል እንድንነግርዎ ይፈልጋሉ?» አሏቸው። ሰውየው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ አውቀዋለሁ። እንደማውቅ ግን ለልጆቼ እንዳትነግሪብኝ፣ ይሰበራሉ» አሉ። ሜትሮን ነገሩን እንዴት እንደፈቱት ረጅም ነው፤ ብቻ በሳምንቱ መጨረሻ አባትና ልጆች በሩን ዘግተው ተላቀሱ፣ ከዚያ የመሬቱም የእርቁም ጉዳይ አለቀ፣ አባት አገራቸው ገብተው በቤታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ይህ ሁሉ ስም አለው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ጤና ሚኒስቴር «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የጤና ባለሙያ የሚለውን በዕቅዱ አስገብቶ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ሥልጠናው ተሰጥቶበታል። ደስ ይለኛል። ማዋለጃ ክፍል የሚጮህ ዛሬ ቢያንስ ማፈር አለበት። ግን የድሮውን አልጋ ጫፍ እናፍቃለሁ። ባለፈው እህቴን ይዤ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። በረኪናው የለም፣ ወለሉ ያብለጨልጫል፣ ጋሪዎቹ ጎማቸው አይሰማም። ሐኪሙ ትሑት ልጅ ነው፤ ዓይኑ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ነው፣ በር ላይ ወረፋ ይተራመሳል። እህቴ «ከባለፈው ፋሲካ ወዲህ…» ብላ ስትጀምር «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ብሎ ቆረጣት። አልፈርድበትም። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ ቤክማንና ፍራንክል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሲለኩት፣ ሐኪሞች በሽተኛውን በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ነበር የሚያቋርጡት። ጊዜ የለም ይባላል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ሐኪሞቹ ሳያቋርጧቸው ሲቀሩ በሽተኞች በአማካይ 92 ሰከንድ ተናግረው ነው ያቆሙት።

ተስፋዬን የመለሰችው መርፌ ልትሰጥ የመጣች ወጣት ነርስ ናት። ስሟን ተናገረች፣ «ዛሬ እስከ ማታ እኔ ነኝ ያለሁት፣ እትዬ» አለቻት። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ኬት ግሬንጀር እ.ኤ.አ. በ2013 ራሷ የካንሰር ታማሚ ሆና ስትተኛ፣ ከሚያክሟት ብዙዎቹ ስማቸውን እንኳ እንደማይነግሯት አይታ ያስጀመረችው ዘመቻ ይኸው የስም ጉዳይ ነበር። ልጅቷ ይህን ትወቀው አትወቀው አልጠየቅኋትም። «ያማል ትንሽ» ስትል ግን እህቴ ክንዷን ራሷ ዘረጋችላት።

እናንተ ደግሞ በሽተኛ ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ እኛ አስታማሚዎች ለመመለስ እንቸኩላለን፣ «እሷ እኮ የሚያማት» ብለን ቀድመን እንገባለን። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ዝም በሉላት። መጀመሪያ እሷ ትናገር። ስትወጡ ደግሞ የነርሷን ስም ጠይቁና በስሟ አመስግኗት።